ቸሮኪዎች የራሳቸው ፊደል አላቸው እንዴ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም የሀገር ልጆች። ትናንት ሆጤ ቡና ይዤ ስልኬን ስነካካ የአንድ መንገድ ምልክት ፎቶ አየሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ታሌኳ የሚባል ከተማ ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር አይቼው የማላውቀው ጽሕፈት አለበት፣ የቸሮኪ ነው አሉ። እኔ ስለ ቀይ ሕንዶች የማውቀው ፊልም ላይ ፈረስ ሲጋልቡ ነው፣ ያውም ሲሸነፉ። ፊደሉን አንድ ያልተማረ ሰው ብቻውን ሠራው የሚባለው የምር ነው? ታሪካቸውን ላንብብ ብልስ ከየት ልጀምር?

ቧንቧ ውሃ
የምር ነው ወንድሜ። ሴኮያ ይባላል፣ ብር ሠሪ ነበር፣ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አይችልም። ነጮቹ በወረቀት ሲነጋገሩ አይቶ እኛስ ብሎ ተነሳና ዓመታት ለፍቶ በ1821 (በፈረንጆቹ) ጨረሰ። ሰው አላምን ሲል ልጁን አዮካን አስተማራት። እሷን ራቅ አድርጎ ሰዎቹ ያሉትን ይጽፋል፣ ትመጣና ታነብላቸዋለች። አለቀ! በ1828 ጋዜጣ ሁሉ ማተም ጀመሩ። አሁን 85 ፊደል ነው፣ እንደኛው አናባቢው አብሮ ይመጣል። ግን የኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ መልካቸው ዘመድ ነው፣ የነሱ አይተዋወቁም። የእንግሊዝኛውን ደብሊው የምትመስለው «ላ» ተብላ ትነበባለች፣ እሱ ነው ያሳቀኝ።

ኮምቦልቻዊው
ታሪኩን ስታነብ ግን ልብህን አጠንክር። በ1832 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሕግ በቸሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ፈርዶላቸው ነበር፣ ማን ሰማ! በ1835 ጥቂት ሰዎች መሬቱን ለቀናል ብለው ፈረሙ፣ አለቃቸው ጆን ሮስና አብዛኛው ሕዝብ አልተቀበለም፣ በ1838 ወታደር መጥቶ ከየቤታቸው አወጣቸው። 16 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ምዕራብ ተነዳ፣ 4 ሺህ ያህሉ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ አለቀ ይባላል። የእንባ መንገድ የሚሉት እሱን ነው። እኛ በ2014 (በኛው አቆጣጠር) ከቤት ስንወጣ እናቴ ረከቦቷን ይዛ ልብሷን ረስታ ነበር፣ እዛ ገጽ ላይ ስደርስ ረከቦቱ ነው ትዝ ያለኝ።

እቴቴ ከሸዋ በር
ኧረ ልጁን አታስለቅሱት! እኔ ከተረቱ ጀምር ባይ ነኝ። ጄምስ ሙኒ የሚባል ሰው ከሽማግሌዎቻቸው ሰብስቦ በ1900 አሳትሞታል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የእሳቱን አንብብ። ዓለም ብርድ ነው፣ እሳት ያለው ደሴት ላይ፣ ባዶ ግንድ ውስጥ ብቻ። ቁራ ሄደ፣ ላባው ከሰለ። ጉጉቶቹም ሄዱ፣ ዓይናቸው በጭስና በአመድ ተበላሸ። እባቦቹም ጠቁረው ተመለሱ። በመጨረሻ የውሃ ሸረሪቷ ከክሯ ትንሽ ሳህን ሠርታ ጀርባዋ ላይ አደረገችና አንድ ፍም ይዛ መጣች። አያቴ በገል ከጎረቤት እሳት ስትጭር ያየ ሰው ይቺን ሸረሪት ያውቃታል ወላሂ። ደግሞ ሞተው ያለቁ እንዳይመስልህ፣ ዊልማ ማንኪለር የምትባል ሴት ከ1985 እስከ 1995 መርታቸዋለች። ድሮም ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው።

የጦሳ ልጅ
አላህ ይስጥልኝ እቴቴ። ማታ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። «ጀርባዋን አላቃጠላትም?» ብላ ያዘችኝ፣ ምን ልበላት?

እቴቴ ከሸዋ በር
ገል ነበራት በላት።