የጋራ ፕሮፖዛሉ፦ ክፍል እንሥራ ወይስ ልጆቹን ክፍል እናድርስ?

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን ውድ አባላት። ከሌሎች ሁለት ማኅበራት ጋር በጋራ የምናስገባው ፕሮፖዛል ረቂቅ ደርሷችኋል። ዓላማው አካል ጉዳተኛ ልጆች በጎንደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው እንዲማሩ፣ ገብተውም እንዳያቋርጡ ማገዝ ነው። አሁን ባለው ረቂቅ ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው አንድ የአካቶ ትምህርት ማዕከል፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ የሚያግዝ ማዕከል፣ ለመገንባት ነው። ጥምቀት ሳይደርስ ጨርሰን ብንልከው ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቤት እንግዳ አለ፣ ስልክ የሚያነሳ አይገኝም። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

መምህርት ከአዘዞ፦
ረቂቁን አነበብኩት። ልፋታችሁን አመሰግናለሁ፤ ግንባታው ግን አልተዋጠልኝም። ማዕከሉ ተሠራ እንበል። ልጁ በምን ይደርስበታል? ተሽከርካሪ ወንበር ታክሲ ላይ አይወጣም፣ ባጃጅም እንደልብ አይጭነውም። ዳገቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት ልጇን አዝላ የምታመላልሰው እስኪከብዳት ድረስ ነው። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ይቀራል። ውጤቱ ወድቆ አይደለም፣ ኪሎው ጨምሮ ነው። መዝገቡ ላይ ግን «አቋረጠ» ተብሎ ብቻ ይጻፋል።

ሌላም አለ። በአገሪቱ አሠራር ማዕከሉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሆኖ በዙሪያው በአንድ ጉድኝት የተሰባሰቡትን ትምህርት ቤቶች ያግዛል። የልዩ ፍላጎት መምህሩ እየዞረ መደበኛ መምህራኑን ይደግፋል፣ ልጆቹን ያያል። ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ያ መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከተደለደለለት መቼ ይዞራል? ለትራንስፖርትስ ከየት ያመጣል? ከኪሱ?

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
እሰይ የኔ ልጅ፣ ከአፌ ነጠቅሽኝ። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ለጋሽ አይቻለሁ። ለጋሽ ግንብ ይወዳል፤ ሪባን የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነውና። የሚዞር መምህር ላይ ታፔላ አይለጠፍም።

የገንዘቡን መንገድም እንወቀው። ኢትዮጵያ ለታዳጊ አገሮች ትምህርት ገንዘብ የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የትምህርት አጋርነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ከዓለም ባንክ፣ ከዚሁ አጋርነትና ከሌሎች ለጋሾች ጋር በጋራ የሚሠራ ነበር። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ማግኘት የጀመሩት በዚያ ነው። በኋላ የመጣው ምዕራፍ ደግሞ «ፍትሐዊነት»ን በስሙ ላይ ጨመረ፣ ገንዘቡም በሪፖርት ሳይሆን በተረጋገጠ ውጤት እንዲለቀቅ ተደረገ። ይሄ ሁሉ ግን በመንግሥት በኩል የሚያልፍ ነው፤ የኛ ዓይነት ማኅበር ሄዶ የሚያመለክትበት በር አይደለም። ረቂቁ ገጽ ሁለት ላይ «ከዓለም አቀፉ አጋርነት በቀጥታ እንጠይቃለን» የሚለው ይውጣ። አንባቢው ገና ከመጀመሪያው አያውቁትም ይለናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ወጪው እኔ ልናገር። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችን ከጠቅላላው ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ ነው ብዙዎች ወደ ግንባታ የሚሮጡት፤ ግንባታ የፕሮግራም ወጪ መሆኑ አያከራክርም። ግን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አበልና ልጆችን የሚያመላልስ ባጃጅም ለሥራው የዋለ ወጪ ነው እንጂ አስተዳደር አይደለም። በጀቱ ላይ ከሥራው ሥር እናስቀምጠው። «ልዩ ልዩ» የምትል መስመር ውስጥ ከከተትነው ያኔ ነው ጉዱ።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚህ ማዶ፣ አሜሪካ ያለውን ሁኔታ ልንገራችሁ። ትልቁ የአሜሪካ የልማት እርዳታ ድርጅት (ዩኤስኤይድ) እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ ብዙ ድርጅት አሁን የቀረችውን ጥቂት ገንዘብ እየተሻማ ነው። ግዙፍ ፕሮፖዛል ይዘን ወደዚያ ሰልፍ ባንገባ እመርጣለሁ። እኔ የምኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው። ኦሪገን ውስጥ ያለችው ኮርቫሊስም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች ጎንደርን በስሟ ያውቋታል። መጠነኛ ገንዘብ፣ ግልጽ ሥራ፣ በየሩብ ዓመቱ አንድ ገጽ ሪፖርት ከሆነ የምናናግራቸው አለ።

አንድ ልመና ግን አለኝ። እባካችሁ «የመጻሕፍት ድጋፍ» የሚለውን አውጡልኝ። እዚህ ያ ቃል የሚገባቸው ኮንቴይነር ሙሉ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ጭኖ መላክ ነው። የብሬል ወረቀት፣ ብሬል የሚጻፍበት ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ) ከሆነ የምትፈልጉት፣ ያንኑ በስሙ ጻፉት።

አባት ከማራኪ፦
እኔ ብዙ አልናገርም። ልጄ መስማት አትችልም። ክፍል ውስጥ ምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ሲገኝ ትማራለች፣ ሳይገኝ ትቀመጣለች። ከዚህ የባሰብኝ ግን ቤት ውስጥ ነው። እሷ ትምህርት ቤት የተማረችውን ምልክት እኔና እናቷ አናውቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች ትምህርት ቢኖር ሻይ አፍልተን እንመጣለን። ሕንፃም አያስፈልገውም፣ ባዶ ክፍል ሞልቷል።

መምህርት ከአዘዞ፦
ጋሼ፣ ይሄ በሞቴ ይግባ! ከረቂቁ ሁሉ ትንሹን ብር የሚጠይቀው እሱ ነው።

ጸሐፊ፦
ይገባል። ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅስ? ገንዘብ የሚሰጡት አጋሮች ሲወጡ የሚዞረው መምህር ምን ይሆናል? ሁሉም ፕሮፖዛል «ዘላቂነት» የሚል አንቀጽ አለው፣ የኛም አለው። እውነቱን ለመናገር የኛን ስጽፈው ለወጉ ያህል ነው የጻፍኩት።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
እሱን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው እንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንቼዮን ላይ አገሮች ለትምህርት የተስማሙበት መለኪያ ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ዋናው ገንዘብ የአገር ቤት ነው ማለት ነው፤ የውጭው ማሟያ ነው። እኛም እንደዚያው እናድርገው። የመምህሩን ደመወዝ አጋር አይክፈል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመንግሥት ደመወዝ ላይ ያለ መምህር ይሁን። ከትምህርት መምሪያው የምንጠይቀው የክፍለ ጊዜ ጫናውን ቀንሶ እንዲዞር የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። አጋሩ መንገዱን፣ ሥልጠናውንና ዕቃውን ይሸፍን። አጋር ሲወጣ የትራንስፖርት ወጪ ነው የሚጎድለው፤ መምህሩ ግን አይጠፋም። ደብዳቤው ካልተገኘ ፕሮፖዛሉን ባንልከው ይሻላል፤ እኔ እንዲያውም አልፈርምበትም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲንም አትርሱት። ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአካል ጉዳተኞች አካታችነት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሙያ፣ ዲግሪም የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው። ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው የሚለይ ባለሙያ አጠገባችን ተቀምጦ ለግምገማ ከአዲስ አበባ አማካሪ መጥራት ምን የሚሉት ነው? አበሉን ተውት፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ የስንት ቀን የባጃጅ ወጪ ይሸፍናል።

ገንዘብ ያዥ፦
አማካሪው ከበጀቱ ወጥቷል። በደስታ ነው የሰረዝኩት።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መለኪያውስ? «40 መምህራን ሠለጠኑ» የሚል ዓይነት ይሁን?

መምህርት ከአዘዞ፦
አይሁን። ሥልጠና ሄጄ አበሌን ተቀብዬ፣ ሰርተፍኬቴን ይዤ፣ ክፍሌ ስመለስ ምንም ያልተቀየረበት ጊዜ ብዙ ነው። መስከረም ላይ የተመዘገቡት አካል ጉዳተኛ ልጆች ሰኔ ላይ ስንቶቹ አሉ? በዓመቱ ደግሞ ስንቶቹ ተመለሱ? ይሄ ይበቃል። ሴቶቹን ለብቻ እንቁጠር፤ ከቤት የምትቀረው ቀድማ ሴቷ ናት።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ አስተካክለዋለሁ። አዲስ ግንባታ ቀርቷል፤ በምትኩ አንድ ያለ ክፍል ይታደሳል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫና የሚገባ መጸዳጃ ቤት ይሠራለታል። ትራንስፖርቱ ዋናው ሥራ ይሆናል። የቅዳሜው የወላጆች ትምህርት ይገባል። በዳባት መጠለያ ስላሉት ስደተኛ ልጆች ለብቻ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ግን በሌላ ፕሮፖዛል እንያዘው፤ ሁለቱን ካጨቅን ሁለቱም ይበላሻሉ። ወደ መምሪያው እኔና ርዕሰ መምህሩ ሰኞ እንሄዳለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንበር የሚያስገባ ተደርጎ ለሚሠራ ባጃጅ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ያስፈልገኛል። በግምት ብር አልጽፍም።

አባት ከማራኪ፦
አዘዞ መንገድ ላይ ብየዳ የሚሠራ ዘመድ አለኝ። ኋላውን ከፍቶ መወጣጫ ሊገጥምለት እንደሚችል ዛሬ ማታ ጠይቄ እነግራችኋለሁ። ሁለቱን ፕሮፎርማ ግን ሌላ ሰው ያምጣ፣ ዘመዴ ስለሆነ እንዳይመስልብኝ።