ቤት ለምናስተምራቸው ልጆች ቁም ነገር ያለው የእጅ ሥራ ምን አለ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ልጆቼን ቤት ውስጥ ነው የማስተምረው። ትልቋ 10 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 6። ንባቡም ሒሳቡም ደህና እየሄደ ነው። የቸገረኝ የእጅ ሥራው ነው። ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ሁሉ የአይስክሬም እንጨት፣ ባለቀለም ፎም፣ ግሊተር፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የኮላ ማቅለጫ ምናምን ይላል። ግማሹ እዚህ አይገኝም፣ የሚገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ደግሞ ተሠርቶ ሲያልቅ መስኮት ላይ ትንሽ ይሰነብትና ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ልጆቹም ይሄን የሚያውቁት ይመስለኛል፣ በግማሽ ልብ ነው የሚሠሩት።

እኔ የምፈልገው እጃቸው ሙያ የሚለምድበት፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ሲያልቅም ለቤት የሚያገለግል ነገር ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠባብ ነው፣ በረንዳው ሁለት ወንበር ቢይዝ ነው። እሳትና ቅጥቀጣ አይሆንም፣ ከታችን ያሉት ጎረቤቶች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እባካችሁ የሃያ ነገር ዝርዝር አትላኩልኝ። ሞክራችሁ የያዘላችሁን አንድ ነገር በደንብ አስረዱኝ።

ስፌት ወዳድ፦
እህቴ፣ ስፌት አስጀምሪያቸው። መሶብ ማለቴ አይደለም፣ እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነው። የሚሰፋበት ሣር፣ ስንደዶውም አክርማውም፣ መሃል ከተማ ላይ እንደልብ አይገኝም፣ ወስፌ ደግሞ ለ6 ዓመት ልጅ ጣት ያስፈራል። ግን አሠራሩን ወስዶ በገመድ መሥራት ይቻላል፣ እኛ ቤት የያዘው ይሄ ነው።

መርካቶ ገመድ የሚሸጡት ጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ ግዢ። መጠምጠሚያው የጥጥ ክር ወይም ካረጀ ሹራብ ተተርትሮ የሚወጣ ክር ይሆናል። ሹራቡን መተርተርና ክሩን መጠቅለል ራሱ ለትንሹ ጥሩ ሥራ ነው። መርፌው የጆንያ መስፊያ ይሁን፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ፈግፍገሽ አደንዝዢው።

የሚያስቸግረው አጀማመሩ ስለሆነ እሱን አንቺ አድርጊላቸው። የገመዱን ጫፍ ሰያፍ ትቆርጪና ሦስት አራት ጣት ያህል በክር ጠምጥመሽ፣ በራሱ ላይ አጥፈሽ መሃሉን አጥብቀሽ ትሰፊዋለሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ነው። አራት አምስቴ መጠምጠም፣ ቀጥሎ መርፌውን በቀደመው ዙር አሳልፎ መሳብ። ገመዱ ከጎን ከጎን እየተሰፋ ሲሄድ ወለል ይሆናል፣ ላይ በላይ ማስቀመጥ ስትጀምሩ ግድግዳው ይነሳል። ክሩ ከላላ ይወለጋገዳል፣ ከመጠን በላይ ከተሳበ ደግሞ ወለሉ ይጎብጣል። ልጆቹ ይሄን ካንቺ አፍ ሳይሆን ከገመዱ ይማሩት፣ ቶሎ ነው የሚገባቸው።

አሁን ለትልቋ። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ዙሪያውን በክር ትለካና ትጻፈው። ገመዱ ከነክሩ አንድ ሴንቲ ከወፈረ፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው 6.3 ሴንቲ ገደማ ይረዝማል። ሦስተኛውም ዙር ላይ አሥረኛውም ዙር ላይ ጭማሪው ያው ነው! ራዲየሱ ሁሌ በአንድ ሴንቲ ስለሚጨምር ዙሪያው በሁለት ፓይ (2 × 3.14) ይጨምራል። የኔ ልጅ ፓይን መጽሐፉ ላይ ስታየው ዝም ብላ የምትሸመድደው ቁጥር ነበር። በእጇ ስትለካው ግን "ለምን እኩል ሆነ?" ብላ ራሷ ጠየቀች። እኛ ቤት ዛሬ የዳቦ ማቅረቢያችን እሷ የሰፋችው ነው።

የቀበናው አባት፦
ስፌቱ ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ካርታ እላለሁ፣ የራሳችንን ከተማ ካርታ፣ በካርቶን ከፍታና ዝቅታው እየታየ የሚሠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ በአየር ቀጥታ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ወደ 3,200 ሜትር ነው፣ ቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ 2,330 አካባቢ። አንድ ሴንቲ ሜትሩን 250 ሜትር ካደረጋችሁት ካርታው ግማሽ ሜትር አይሞላም፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጥሩው ነገር፣ ተራው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ልኬት 4 ሚሊ ማለት 100 ሜትር ከፍታ ነው። ስለዚህ አንድ ንብርብር ካርቶን 100 ሜትር፣ ዘጠኝ ንብርብር ከቦሌ እንጦጦ ያደርሳችኋል። ተራራው ሳይጋነን በእውነተኛ መጠኑ ይወጣል። ልጆች መጀመሪያ "ይሄ ብቻ ነው?" ይላሉ፣ እንጦጦ ሰማይ የሚነካ ነው የሚመስላቸው። እዚያ ላይ ስለ ልኬት ብዙ ማውራት ይቻላል።

ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ስልክ ላይ አለ። መስመሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ እያንዳንዱን ከፍታ ለየብቻው ካርቶን ላይ ቁረጡ። ካርቶን በመቀስ ለልጅ ከባድ ስለሆነ በምላጭ የሚቆርጠው ትልቅ ሰው ይሁን። ኮላ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ስኒ ፉርኖ ዱቄት በአምስት ስኒ ውኃ በጥብጣችሁ፣ እየማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ጨው ጣል ብታደርጉበት ቶሎ አይሻግትም። ሲደርቅ ላዩን በተቀደደ ጋዜጣና በዚሁ ሙጫ ሸፍናችሁ ቀለም ቀቡት።

ከዚያ ወንዞቹ። ቀበናና ግንፍሌ ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚወርዱ ጣታቸውን አስሄዷቸው። ሁሉም ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከቤታችሁ መስኮት የምታዩት ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ያየ ልጅ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣልን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ካርታው ለብዙ ቀን እንዳይሰለቻቸው በመሃል በረንዳው ላይ የጥላ ሰዓት አስተክሏቸው። ካርቶን፣ ቀጥ ያለ እንጨት፣ እርሳስ፣ በቃ። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያድርጉ። ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፣ አዲስ አበባ ላይ በአማካይ 6፡25 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተቀመረው በምሥራቅ 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ስለሆነና እኛ ከዚያ ወደ ምዕራብ ስላለን ነው፣ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ። ሌላም አለ። በበጋ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል። ሚያዝያ 5 አካባቢ ሰማዩ ከጠራላችሁ በቀትር ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላው ጭራሽ ይጠፋል። ውጭ አገር የሚታተም የልጆች መጽሐፍ ይሄን አይነግራችሁም፣ ከእኛ በጣም ርቀው በሰሜን ላሉት ፀሐይ አናታቸው ላይ አትመጣም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
የሸማኔ ልጅ ነኝ። እናቴ ትፈትላለች፣ አባቴ ይሸምናል፣ ስለዚህ የምናገረው ቤቴ ስላየሁት ነው።

ጥጥ ከነፍሬው ካገኛችሁ ፍሬ ማውጣቱን ለትንሹ ስጡት፣ በጣት ይቻላል። ካልሆነ የተነደፈ ባዘቶ ግዙ። እንዝርት ካጣችሁ ቀጥ ባለ ቀጭን እንጨት ላይ ሁለት አሮጌ ሲዲ አጥብቃችሁ አስገቡ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሽቦ ማንጠልጠያ አድርጉለት፣ ይሠራል። ጥጥ ቃጫው አጭር ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሳበው። ልጅ መጀመሪያ ብዙ ይስብና ይበጠስበታል፣ ከዚያ ሁሉም ይወፍርበታል። አትቆጡት፣ እጅ የሚያውቀው ቀስ ብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ አለ። ያልተፈተለ ባዘቶ ስስ አድርገው ይሳቡት፣ ያለ ምንም ጉልበት ይለያያል። ያንኑ ሲያከሩት እምቢ ይላል። ቀጥሎ ግማሽ ሊትር ውኃ ያለበት ጠርሙስ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ፣ ያንጠልጥሉበት። አንዱ ክር ካልቻለ ሁለቱን አብረው ያክሩት፣ ከዚያ አራቱን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን በጠርሙስ ይፈትኑት።

ለሽመናው ካርቶን ይበቃል። ላይና ታች ጠርዙን በየግማሽ ሴንቲው እየሰነጠቃችሁ ድሩን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚወጠረውን ክር፣ ወጥሩበት። ድሩ ጠንካራ የተገዛ ክር ይሁን፣ ልጆቹ የፈተሉት ደግሞ ማግ፣ ማለትም አግድም የሚገባው ክር፣ ይሁን። ዛሬ ብዙ ሸማኔም ድሩን የፋብሪካ ክር ነው የሚያደርገው። ማስመሪያ አንዱን ክር ከላይ አንዱን ከታች እያደረጋችሁ ካሳለፋችሁና ካቆማችሁት መንገድ ይከፈታል፣ ማጉ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ለመመለሻው ግን በመርፌ ነው። መጠቅጠቂያው ሹካ። የጀማሪ ሁሉ ችግር ጠርዙ እየጠበበ መሄዱ ነው፣ ማጉን ሳትወጥሩ ሰያፍ አስተኝታችሁት ከዚያ ጠቅጥቁት። ጥለት ሲያምራቸው አስቀድመው ባለካሬ ወረቀት ላይ ይሣሉት፣ አንድ ካሬ አንድ ክር።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ልጆቹን ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ጋ ስትወስዷቸው፣ ሽሮ ሜዳም ይሁን ቀጨኔ፣ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ሰዓት ክፈሉ። ፎቶ አንስቶ መሄድ አይደለም። ባለእጅ በዚህ አገር ብዙ ተንቋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ ስለበዛ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ "የሸማኔ ልጅ" ሲሉኝ ማመስገናቸው አልነበረም። ልጆቻችሁ ክሩ ሲበጠስባቸው የኛን ቤት ሥራ ክብደት ይረዱታል፣ ለእኔ ከሒሳቡም ከጂኦግራፊውም በላይ ይሄ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሁሉንም ነገር ሒሳብ አታድርጉባቸው። ልጅ እየሰፋ ሳለ እናቱ ማስመሪያ ይዛ በየዙሩ ከቆመችበት ስፌቱን ይጠላዋል። መጀመሪያ አንዱን ሠርቶ ይጨርስ፣ ልኬቱ ለሁለተኛው ይቆይ።

ለትንሹ ልጅ እርድ ልንገርሽ የኔ ልጅ። ከአሮጌ ነጠላ ነጭ ጨርቅ ቁረጪ። አንድ ማንኪያ እርድ ውኃ ውስጥ አፍልተሽ ጨርቁን ንከሪውና አድርቂው፣ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በሳሙና ውኃ የተነከረ ብሩሽ ስጪው። የነካው ቦታ ሁሉ ወዲያው ቀይ ይሆናል። ሎሚ ሲያደርግበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። አሲድና ቤዝ የሚባለውን ስሙን ሳያውቅ በዓይኑ ያየዋል። ግማሹን ጨርቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ ግማሹን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጡና ሰንብታችሁ አስተያዩት፣ ፀሐዩ የእርድን ቀለም ያነሳዋል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ቀለም ከፈለጋችሁ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አፍሉ፣ ከሸብ ጋር። ልብሳቸውን ግን አሮጌ አልብሻቸው፣ እርድ ሲታጠብ ቶሎ አይለቅም።

የአራት ኪሎዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እትዬ፣ የእርሱዎን እርድ ዛሬውኑ ሞከርነው፣ ትንሹ ሎሚውን ጨርሶብኛል፣ እየጮኸ ነው ሲስቅ የነበረው። ለትልቋ የገመዱን ስፌት እጀምራለሁ፣ ልኬቱንም እንዳሉት ለሁለተኛው አቆየዋለሁ። ካርታው ለክረምት ይሁን፣ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ። ሸማኔ ጋ ልወስዳቸው ብል ዝም ብሎ ሄዶ ይቻላል? ሥራ እንዳላስፈታ ፈራሁ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ይቻላል እህቴ፣ ግን በዓል ሲቃረብ አትሂጂ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ትዕዛዝ ስለሚበዛ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ከበዓል በኋላ ባሉት ሳምንታት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ሂጂ። አስቀድመሽ ብቻሽን ሄደሽ አናግሪ፣ ክፍያውን ተስማሚ፣ ከዚያ ልጆቹን ይዘሽ ተመለሺ። ትልቋ የራሷን የካርቶን ሽመና ጀምራ ብትመጣ ይሻላል፣ የምትጠይቀው ይኖራታል። መወርወሪያውን፣ ማጉን የሚያሳልፈውን እንጨት፣ ሳይፈቀድላቸው እንዳይነኩ ብቻ ንገሪያቸው። ፈቅዶላቸው አንድ ሁለቴ ከወረወሩ አባቴ ራሱ መልሶ አይለቃቸውም።