ቡገንቪሊያችን ቅጠል እንጂ አበባ አልሰጥ አለ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)
ጤና ይስጥልኝ። በግቢያችን አጥር ሥር የተተከለ ሐምራዊ ቡገንቪሊያ አለን። በየክረምቱ ከአጥሩ አልፈው የሚሄዱ ረጃጅም ቀንበጦች ያወጣል፤ ይሁን እንጂ በበጋ የጎረቤታችን ተክል በአበባ ሲሸፈን የእኛው ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቂት አብቦ ይቀራል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በየማለዳው ውሃ ይጠጣል፤ ለሣሩ ከሚበተነው ዩሪያም ይደርሰዋል። ፀሐይ የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ብቻ ነው። ነቅሎ ወደ ፊት ለፊቱ ማዛወር ይሻል ይሆን? መቼ እንደሚገረዝም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ)
ከዘረዘሯቸው ነገሮች ሁሉ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ዩሪያውን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ናይትሮጅን ደግሞ በዋናነት ቅጠልና ቀንበጥ የሚያበዛ በመሆኑ፣ በየማለዳው ከሚፈስለት ውሃ ጋር ሲደመር ተክሉ ማደጉን ትቶ ወደ ማበብ አይዞርም። ቡገንቪሊያ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ደረቅ ወቅትን ስለሚችል፣ ሥር ከያዘ በኋላ መጠነኛ ጥማት አበባውን ያበዛለታል እንጂ አይጎዳውም። ስለዚህ ዝናቡ ካበቃበት ጊዜ ጀምሮ አፈሩን በጣትዎ እየፈተሹ፣ እርጥበት ከተሰማዎት አያጠጡት፤ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ጠለቅ አድርገው ያጠጡትና እንደገና ይተዉት።

ማዛወሩን አልመክርም። ሥሮቹ ቀጫጭንና በቀላሉ የሚበጣጠሱ ስለሆኑ ያደገ ቡገንቪሊያ ከተነቀለ በኋላ የመጽደቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከዚያ ይልቅ የእርሳስ ውፍረትና የአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው የጠነከረ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ጥላ ሥር ያጽድቁ። ዋልካ በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር አዲሱን ችግኝ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተክሉት ሥሩ ከመበስበስ ይድናል።

መልስ (ከሐዋሳ)
ስለ ውሃው በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የፀሐዩ ጉዳይ መታለፍ አልነበረበትም። ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ዩሪያውን ቢያቆሙለትም አበባው ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ጠዋት ላይ የሚጋርደው የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ መጀመሪያ እሱን ያሳሱለት። አበባ የሚይዘው በአዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ መግረዝ የግድ ነው፤ እኔ በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ እገርዛለሁ። ወፍራም ጓንት አይርሱ፤ እሾሁ ምሕረት የለውም። ደግሞም መሃል ላይ ያሉት ትናንሽ ነጫጭ አበቦች ሲረግፉ አይተው ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ ዙሪያቸውን የከበቧቸው ባለቀለም ቅጠሎች ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ይቆያሉ።

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ)
የመስከረሙ ገረዛ ለሐዋሳ ሙቀት ይስማማል፤ ለአዲስ አበባ ግን አይመቸኝም። እዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ በመስከረም ጠለቅ ተደርጎ የተቆረጠ ተክል ቀንበጡን ቀስ ብሎ ስለሚያወጣ የበጋው ግማሽ ያለ አበባ ያልፋል። በግንቦት መጨረሻ ቢገረዝ ግን የክረምቱ ዝናብ አዲስ ቀንበጥ ያበቅልለታል፤ ያ ቀንበጥ ደግሞ ደረቁ ወቅት ሲገባ ለማበብ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። በመስከረም የቀንበጦቹን ጫፍ ብቻ መቀንጠስ ይበቃል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዩሪያውን ከዛሬ ጀምሮ አስቁሜያለሁ። አሁን ጥር ስለሆነ፣ ከአጥሩ በላይ የወጡትን ረጃጅም ቀንበጦች እስከ ግንቦት ዝም ብዬ ልተዋቸው?

መልስ (ከሐዋሳ)
አይቁረጧቸው፤ ዝም ብለውም አይተዋቸው። ቀስ ብለው አጋድመው በአጥሩ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ይሰሯቸው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቀንበጥ ጉልበቱን ወደ ጫፉ ሲልክ፣ የተጋደመው ግን በየአንጓው የጎን ቀንበጦች ያወጣል፤ አበባውም በእነዚያ ላይ ይመጣል። በጣም የጠነከሩትን ለማጠፍ አይሞክሩ፤ ይሰበራሉ።