በሕፃን ራስ ላይ ስለወጣ ቢጫማ እብጠት የምክር ጥያቄ
የተከበራችሁ የቆዳና የሕፃናት ሐኪሞች፣ በገጠር ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ስሆን፣ የ18 ወር ሕፃን ራስ ላይ የወጣ፣ ምስር የሚያህል፣ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቢጫ እብጠት ምንነቱን መለየት ስላቃተኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ። ሲታሽ ስለማያብጥና ስለማይቀላ ማስቶሳይቶማ (ማስት የተባሉ ሕዋሳት ቆዳ ውስጥ ሲከማቹ የሚፈጠር እብጠት) አልመሰለኝም፤ ሲዳሰስም ጠጣር ስላልሆነ ከፀጉር ሥር የሚነሳና ካልሲየም የሚከማችበት ፒሎማትሪኮማ የተባለ እብጠት ነው ለማለት ይከብደኛል። ጁቬናይል ዛንቶግራኑሎማ (በሕፃናት ቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ካንሰር ያልሆነ ቢጫማ እብጠት) ከሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል ሕፃኑን በከንቱ ለቀዶ ሕክምና መዳረግ አልፈልግም፤ ሆኖም ለዚህ እብጠት መለያ የሚሆኑትን፣ ቱተን የተባሉትን ግዙፍ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ የሚያይልኝ ፓቶሎጂስት (የሰውነት ናሙና የሚመረምር ሐኪም) በአቅራቢያዬ የለም። በዓይን እያዩ መከታተል ይበቃል ወይስ ናሙና ወስጄ ወደ አዲስ አበባ ልላከው? ዛንቶግራኑሎማ አልፎ አልፎ ዓይንን ስለሚነካስ፣ እብጠቱ አንድ ብቻ ቢሆንም የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል? እናቱ ካንሰር ነው ብላ ክፉኛ ስለተጨነቀች፣ በቀጠሮዋ ቀን በእርግጠኝነት ልነግራት የምችለውን ብታመለክቱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።