የእንግሊዝ ባላባት ስም ይዤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሂርማታ ገበያ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ውስጥ የባለቤቱ ስም ከነጋሻ አርማው ተለጥፏል። እኛ ጅማ ሰባት ቤት በቃል እንቆጥራለን። የእነሱን እንዴት ነው የምቆጥረው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አውራጃውን እወቅ። ስም ብቻ ይዘህ ትጠፋለህ። የደብር መዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1538 ነው። ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር አለበት። የስሙን ፊደል ግን ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፤ በአንድ አጻጻፍ ድርቅ አትበል።

መልስ 2፦ ለባላባት ኑዛዜን የሚያህል የለም! እስከ 1858 የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የሀብታሞቹ በብዛት በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት በኩል ያለፈ ነው፤ አሁን ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ኢንተርኔት ላይም ትፈልገዋለህ። ሚስት፣ አማች፣ መሬት፣ አንዳንዴ አልጋው ሳይቀር ተጽፏል።

መልስ 3፦ አርማው እንዳይሸውድህ። አርማ የሚሰጠው ለሰውና ለዘሩ እንጂ ያን ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። ከ1530 እስከ 1688 የአርማ ሹሞች በየአውራጃው እየዞሩ የባላባቶቹን ሐረግ መዝግበዋል። አንዳንዱ ታዲያ ዘሩን አሳምሮ ነው ያስመዘገበው።

ጠያቂ፦ ሃሃ፣ ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ! አጎቴም ቡና ላይ ሲቆጥር አባ ጅፋር ጋ ሳይደርስ አያቆምም። በኑዛዜው እጀምራለሁ።