የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ማግ ላይ አልጸና አለኝ፤ ሶዲየም አሴቴት ከየት ላምጣ?

ድርና ማግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነኝ። እናቴ የፈተለችውን ማግ ለነጠላ ጥለት ብዬ በሽንኩርት ልጣጭ ነከርኩት። ከድስቱ ሲወጣ ማር ይመስል ነበር፤ ሁለቴ ሲታጠብ የጤፍ ጭድ መሰለ። ቀለሙ እንዲይዝልኝ ውሃ የሚያጠሩበትን አሉሚኒየም ሰልፌት አስቀድሜ ተጠቅሜያለሁ። ለጥጥ ብቻውን አይበቃም፣ ሶዲየም አሴቴት ጨምሪበት አሉኝ፤ ገበያውን ዞሬ አጣሁት። እናቴ ዓይኗ እየደከመ የፈተለችው ነውና እባካችሁ እርዱኝ።

የላብራቶሪ ሰው፦
እህቴ፣ የነገሩሽ ልክ ነው። ሱፍ አሉሚኒየምን በቀላሉ ይይዛል፤ ጥጥ ግን ያስቸግራል። ሰልፌቱና አሴቴቱ ሲገናኙ አሉሚኒየም አሴቴት ይፈጠራል፤ ለጥጥ የሚስማማው እሱ ነው።

ሶዲየም አሴቴቱን ቤትሽ ሥሪው። ባለ 5 በመቶ ነጭ አቸቶ ግማሽ ሊትር ሰፊ ባልዲ ውስጥ አድርጊና 35 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ጨምሪበት። በአንዴ ከገለበጥሽው ይገነፍላል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ሲያበቃ ፈሳሹ ውስጥ 34 ግራም ገደማ ሶዲየም አሴቴት አለ። ውሃውን ማትነን አያስፈልግሽም። ለ200 ግራም ማግ 30 ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት በሙቅ ውሃ አሟሚና ደባልቂው። የብረት ድስት አትጠቀሚ፤ ቀለሙን ያጠቁረዋል።

ድርና ማግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ባለሱቁ የሰጠኝ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ያው አይደለም?

የላብራቶሪ ሰው፦
አይደለም። ፓውደሩ ስታርችና የራሱ አሲድ አለበት፤ ፈሳሹም ይደፈርሳል፣ ልኩም ይዛባል። ሄደሽ አስቀይሪው።

የሸማኔ ልጅ፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አሉሚኒየሙ ውስጥ ከነከርሽው በኋላ ስንት ቀን አደረቅሽው?

ድርና ማግ፦
ጨምቄ ወዲያው ቀለሙ ውስጥ ከተትኩት።

የሸማኔ ልጅ፦
እሱም ጎድቶሻል። አሴቴቱን ስትጠቀሚ በደንብ ይድረቅልሽ። ሲደርቅ ቤቱ አቸቶ አቸቶ ይሸታል፤ አሲዱ እየተነነ አሉሚኒየሙ ክሩ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። እኔ ሁለት ሦስት ቀን እተወዋለሁ። ሐምሌ ላይ ውጭ አልደርቅ ሲለኝ ማድቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጌ ሰቅዬው አውቃለሁ። ከዚያ ፉርሽካ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊ፣ አጥልዪ፣ ማጉን እዚያ ውስጥ አገላብጪው። ያልያዘውን አሉሚኒየም ያወጣልሻል፤ ካልወጣ ቀለሙ ዥጉርጉር ይሆናል። የተቀለመውን ደግሞ ጥላ ላይ አስጪው፤ የሽንኩርት ቀለም ፀሐይ አይችልም።

ድርና ማግ፦
ፉርሽካ ጎረቤት አለ። ዛሬ አንዲት ልቃቂት ብቻ እነክራለሁ፤ ሁለቴ አጥቤ ቀለሙን እነግራችኋለሁ።