ሲቀበል ደህና የሆነ ሬድዮ ሲያስተላልፍ ይጠፋል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በ13.8 ቮልት የሚሠራ ባለ 100 ዋት የኤች.ኤፍ. (የአጭር ሞገድ) ትራንሲቨር፣ ማለትም የሚያስተላልፍም የሚቀበልም ሬድዮ፣ አለኝ። ሲቀበል አንዳች እንከን የለበትም፤ በ10 ዋት ሳስተላልፍም ደህና ነው። ኃይሉን ከ60 ዋት በላይ አድርጌ በ7 ሜጋኸርትዝ ባንድ መናገር ስጀምር ግን የስክሪኑ መብራት ይደበዝዝና ሬድዮው ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ፓወር ሰፕላዩን በቴስተር ስለካው 13.8 ቮልት ያሳያል። አንድ ባለሙያ የማሰራጫው ትራንዚስተሮች ተዳክመው ይሆናልና ሬድዮው ይከፈት ብለውኛል። ከመክፈቴ በፊት ልፈትሸው የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦
እባክዎ ገና አይክፈቱት። የማሰራጫ ትራንዚስተር ሲዳከም ብዙውን ጊዜ የሚታየው የኃይል ማነስ ነው፤ ስክሪን ደብዝዞ ሬድዮ ሲጠፋ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወደ ሬድዮው የሚገባው ቮልቴጅ ነው። ሬድዮው ሳያስተላልፍ የተለካ 13.8 ቮልት ስለዚህ ችግር የሚነግረን ነገር የለም፤ ምክንያቱም ሲቀበል የሚስበው ከ1 እስከ 2 አምፔር ሲሆን በሙሉ ኃይል ሲያስተላልፍ 20 አምፔር ገደማ ይደርሳል። በመስመሩ ላይ 0.1 ኦም ያለው የላላ ግንኙነት ቢኖር በ1 አምፔር የሚያስቀረው 0.1 ቮልት ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ በ20 አምፔር ግን 2 ቮልት ይበላል። በርካታ ሬድዮዎች የሚፈቅዱት የ15 በመቶ ልዩነት በመሆኑ ከ11.7 ቮልት በታች ሥራቸው አይታመንም። ስለዚህ እያስተላለፉ በመጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ቀጥሎም ሬድዮው ጀርባ ከሚገባው ሶኬት ላይ ይለኩ። ሁለቱም ከወረዱ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው፤ የኋለኛው ብቻ ከወረደ የኬብሉ ነው።

ሌላ መልስ፦
ልኬቱን አንቴናው ተነቅሎ በ50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ተሰክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት በሚለውጥ መሣሪያ) ላይ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ ከኮአክሱ (ወደ አንቴናው ከሚሄደው ኬብል) ውጭ እየተመለሰ ወደ ክፍሉ የሚገባ የሬድዮ ሞገድም ፓወር ሰፕላይን ሊያሳስትና ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። በደሚ ሎድ የማይጠፋ ከሆነ ትኩረትዎ ወደ አንቴናው ይዙር። ድምፅ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለልኬት የማያቋርጥ ሞገድ ያስፈልጋልና በሲ.ደብሊው. (በሞርስ መላኪያው ዘዴ) ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይጫኑ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በደሚ ሎድም ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ 13.7 ላይ ሲጸና ሬድዮው ጀርባ 11.2 ደረሰ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በእያንዳንዱ ፊውዝ ግራና ቀኝ ሳስነካ፣ በጥቁሩ ሽቦ ላይ ባለው ፊውዝ ብቻ 1.9 ቮልት ይቀራል። መያዣውን ስከፍተው የብረት ምላሱ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩም በሙቀት ጎብጧል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ብመልሰው ይበቃ ይሆን?

መልስ፦
አይበቃም። 1.9 ቮልት በ18 አምፔር ሲባዛ 34 ዋት ያህል ሙቀት ነው፤ ይህን ሙቀት የቀመሰ ምላስ የመቆንጠጥ ኃይሉን ስላጣ ቢጸዳም ተመልሶ ይላላል። መያዣውን ሙሉ በሙሉ ይለውጡት፤ ሽቦውንም የጠቆረው መዳብ አልቆ የሚያብረቀርቀው እስኪታይ ድረስ ይቁረጡት። የፊውዙን አምፔር ግን ከነበረው ከፍ አያድርጉ። ከዚያ በኋላ በዚያው ቦታ እያስተላለፉ ሲለኩ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የሽቦው አያያዝ ገና አልጠበቀም ማለት ነው።